የቦይንግ ችግር ከማክስ በፊት ነው የጀመረው

ሰላም አዘጋጅ፣

ስለ ቦይንግ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ታሪኩን ከ737 ማክስ አውሮፕላን መጀመራችሁ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 ቦይንግ ከሌላው አውሮፕላን ሠሪ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተዋሃደ በኋላ ከመሐንዲሱ ይልቅ የሒሳብ ሰው ይሰማ ጀመር፣ በ2001 ደግሞ አለቆቹ ዋናውን መሥሪያ ቤት ከሲያትል ነቅለው ቺካጎ ወሰዱት፤ አውሮፕላኑ ግን በአብዛኛው የሚገጣጠመው እዚያው ሲያትል አካባቢ ነበር። ታዲያ የመሐንዲሱን ስጋት ማን ይስማው?

ማክስንማ ተመልከቱ። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ የነበረው አንድ ሴንሰር (መለኪያ መሣሪያ) ብቻ አምኖ ነው። አንድ! ያ ሴንሰር ሲሳሳት አብራሪዎቹ ወደ ላይ ይስቡ ነበር፣ ሶፍትዌሩ መልሶ ይደፍቅ ነበር። ብዙ አብራሪዎች ስለ ሶፍትዌሩ የሰሙት ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ነው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በኢንዶኔዥያና በኢትዮጵያ 346 ሰው አለቀ። ይሄ ያንገበግባል።

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ የበር መድፈኛው (ለበር የተተወውን ክፍተት የሚዘጋው አካል) አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። መርማሪዎች እንዳሉት መድፈኛውን የሚይዙት 4 ብሎኖች ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበሩም።

እባካችሁ በሚቀጥለው የአክሲዮኑን ዋጋ ተዉትና ፋብሪካው ውስጥ ማን ምን እንደሚፈትሽ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ