ግራፊክ ዲዛይን በመቀስና በማስቲሽ ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የግራፊክ ዲዛይን መሠረታዊ ኮርስ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይሰጥ?» የሚል ነው። ጥያቄው ያለ ጊዜው የመጣ ይመስለናል። በኮምፒውተር የጀመረ ተማሪ ፊደል ማወፈርና ጥላ መስጠት በአንድ ቀን ይለምዳል፤ ባዶ ቦታን ማየት ግን አይለምድም። ስክሪኑ እያሳነሰና እያሳደገ ስለሚያሳየው የገጹ ትክክለኛ መጠንም አይገባውም። ወረቀት እንዲህ አያታልልም፤ አንዴ የተቆረጠም አይመለስም።

ስለዚህ የ12 ሳምንት ኮርስ ለሚያቅዱ ባልደረቦች በኮላዥና በዚን ላይ የቆመ ዕቅድ እናቀርባለን። ኮላዥ የተለያየ ወረቀት ቆርጦ በአንድ ገጽ ላይ ማቀናበር ነው። ዚን ደግሞ ሠሪው ራሱ ጽፎና ገጹን አደራጅቶ፣ በፎቶ ኮፒ ጥቂት ቅጂ አባዝቶ የሚያድለው ትንሽ መጽሔት ነው። ሁለቱን የማይገናኙ ሥራዎች አድርጎ ማቀድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ኮላዡ ለዚኑ ጥሬ ዕቃ መሆን አለበት።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በጥቁርና ነጭ ወረቀት ብቻ ይለፉ። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ነጭ ካሬ ላይ 4 ጥቁር ቁራጮች፦ አንዴ ተጨናንቀው፣ አንዴ ተበታትነው፣ አንዴ ደግሞ ነጩ ቦታ ራሱ ቅርጽ ሆኖ እንዲታይ። ቀለም ገና ነው።

ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ኮላዥ ይሠራል። ታሪኩ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. ወረቀት ቆርጠው ሥዕላቸው ላይ መለጠፋቸውን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ሐና ሆህ በበርሊን የመጽሔት ፎቶዎችን ቆራርጣ መገጣጠሟን አሳይቶ ወደ ጠረጴዛው ማለፍ ነው። ለአንድ ሥራ ከ7 ቁራጭ በላይ አይፈቀድ። ገደብ ከሌለ ተማሪው ገጹን በሰው ፊት ይሞላዋል፤ ዓይንም የሚያርፍበት ያጣል። ለመጀመሪያው 30 ደቂቃ ማስቲሹ ከጠረጴዛው ይነሳ፤ ተማሪው 3 አቀማመጥ ሞክሮ በስልኩ ያንሳና አንዱን መርጦ ይለጥፍ። ነጭ ኮላ ውኃ ስላለበት ቀጭን ወረቀት ያብጥና ሲደርቅ ይጨማደዳል። የሚሻለው እንደ ሊፕስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣው ደረቁ ማስቲሽ ነው፤ እሱም እስከ ጠርዙ ድረስ ይቀባ፤ የተነሳ ጠርዝ በፎቶ ኮፒ ላይ ጥቁር የጥላ መስመር ያወጣልና።

6ኛው ሳምንት የፊደል ነው። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ርዕስን ከጽሑፍ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው። የጋዜጣ ርዕሶችን ፊደል በፊደል ቆርጦ እንደገና መገጣጠም ይህን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስተምራል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቅጥያዎቹን፣ ማለትም ከፊደሉ ጎን የሚወጡትን ትንንሽ ጭረቶች ነው፦ «ሁ» እና «ሂ» የሚለዩት ቅጥያቸው አንዱ ወገብ ላይ፣ ሌላው እግር ላይ በመሆኑ ነው። ደቃቅ ጽሑፍ ከቅጂ ላይ እየተቀዳ ሲባዛ ያቺ ቅጥያ ትደፈናለች። ማባዛት ሁልጊዜ ከዋናው ገጽ ይሁን፤ የጽሑፉም የፊደል መጠን ከ11 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ።

የቀሩት 6 ሳምንታት በሙሉ ለዚን ይሰጡ። ብዙ ዕቅዶች 2 ሳምንት ብቻ ይመድቡለታል፤ የሚበላሸውም ለዚህ ነው፤ ስህተቱ የሚታየው ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ስለሆነ ለማረም ጊዜ አይተርፍም። መጀመሪያ ባለ 8 ገጹ ይሠራ። አንድ ኤ4 ወረቀት አግድም አስቀምጦ በርዝመቱ አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ በኩል ሁለት ጊዜ ሲያጥፉት 74 በ105 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ 8 ክፍሎች ይወጡታል። ዘርግቶ የመሃሉን አግድም መስመር በመካከለኞቹ ሁለት ዓምዶች ላይ ብቻ መሰንጠቅ ነው፤ ዳርና ዳሩ አይነካም። ታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 6፣ 7፣ 8፣ 1፤ ላይኛው 5፣ 4፣ 3፣ 2 ሲሆን ላይኛው ተዘቅዝቆ ይቀመጣል፤ የሁሉም ገጽ ራስ ወደ መሃል መስመሩ ነው። ከዚያ በርዝመቱ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ሲገፉት ስንጥቁ ተከፍቶ 1 ፊት ሽፋን፣ 8 ጀርባ ይሆናሉ። ይህን ማስሸምደድ አያሻም። ባዶ ወረቀት አጥፎ ገጾቹን በእርሳስ ቆጥሮ መዘርጋት ይበቃል፤ ይህን ሞዴል ያላሳየ ተማሪ ግን ዋናውን ወረቀት አይንካ።

የፎቶ ኮፒ ማሽን የወረቀቱን ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር አያትምም፤ ስለዚህ በዙሪያው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይተው። ፈዛዛ ሰማያዊ በጥቁርና ነጭ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ቀይ ይጠቁራል። 20 ቅጂ ከማዘዝ በፊት አንድ ቅጂ አውጥቶ፣ አጥፎ ማየት ግዴታ ነው። በስቴፕለር የሚሰፋውን ሁለተኛ ዚን የሚሠሩ ደግሞ የገጹ ብዛት በ4 የሚካፈል መሆኑን ያረጋግጡ፤ 14 ገጽ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። የውስጠኞቹ ገጾች ታጥፈው ወደ ውጭ ስለሚገፉ ጠርዙ የሚከረከመው ከተሰፋ በኋላ ነው። ለሕዝብ በሚታደል ዚን ላይ የሌላ ሰው ፎቶ የሚገባው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ከ100 ነጥብ 40ውን ለንድፍና ለሞዴል፣ 40ውን ለተጠናቀቀው ዚን፣ 20ውን ለቅጂው ጥራት ብንሰጥ እንመርጣለን። ውጤቱ በመጨረሻው ዚን ብቻ ከተመዘነ ተማሪው ሙከራዎቹን ይጥላቸዋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ሳይሸጡ የተመለሱ ዕትሞች ለትምህርት ቤቶች እንዲሰጡ ነው። ለ20 ተማሪ 40 ዕትም ኮርሱን ይዘልቃል። የሐዘን ማስታወቂያ ያለባቸው ገጾች ግን ቀድመው ቢወጡልን፤ መቀስ የያዘ ተማሪ የማንን ፊት እንደሚቆርጥ አያስተውልም።

ከግራፊክ ዲዛይን መምህራን