አምቡ ባጉን በእርጋታ ጭመቁት

ክቡር አዘጋጅ፣

በድንገተኛ ክፍል ነርስነቴ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የአምቡ ባግ አጨማመቅ ነው። አምቡ ባግ ትንፋሹ ለቆመ ሰው፣ ፊቱ ላይ በሚገጠም ጭምብል በኩል አየር ለመንፋት በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ ትንፋሹ የቆመ የልብ ምቱ ግን ያለ አዋቂ ታካሚን ደንግጦ በየሰከንዱ ሲነፋለት የታካሚው ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እጁን ያዝኩና ጮክ ብዬ እስከ 6 ቆጠርኩለት። ለአዋቂ በየ6 ሰከንዱ 1 ጊዜ፣ ለ1 ሰከንድ ያህል፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ መጭመቅ ይበቃል። ትርፉ አየር ጨጓራ ይገባል፤ ታካሚውን ያስመልሰዋል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ሁለት ባለሙያ ካለ ደግሞ አንዱ በሁለት እጁ መንጋጋውን ወደ ላይ ስቦ ጭምብሉን አጥብቆ ይያዝ፤ ሌላው ይጭመቅ። ማሠልጠኛዎች ይህን በሰው አምሳል አሻንጉሊት ላይ ደጋግመው እንዲያለማምዱ እለምናለሁ።

አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ