ልጄን ከመንካታቸው በፊት ላዩልኝ ሐኪሞች

ለደሴ ጎረቤቶቻችን፣ ለዘመድ ወዳጆቻችን፣ ደም ለሰጣችሁልንና ላከማችሁን ሁሉ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን ድኖ ትምህርቱን ጀምሯል። ነገሩ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለሌላም ወላጅ ይጠቅማል ብዬ ጽፌዋለሁ።

ዕድሜው 14 ነው። በግራ አፍንጫው መተንፈስ ካቃተው ቆይቶ ነበር። የሚነስረውም በዚያው በግራው በኩል ነው፤ ሳይመታ፣ ሳይነካ፣ ተኝቶ ሳለ ትራሱን በደም የሚያርስበት ሌሊት ነበር። ፀሐይ መትቶት ነው ተባልን፤ ሳይነስ ነው፣ አለርጂ ነው ተብሎ ጠብታ ታዘዘለት። በኋላ አንድ ክሊኒክ ውስጥ «አፍንጫው ውስጥ ሥጋ በቅሏል፣ ቆንጠር አድርገን ለምርመራ እንልካለን» አሉንና ቀጠሮ ተያዘ።

ከዚያ ቀጠሮ በፊት የአንገት በላይ ሐኪሙ ዘንድ ደረስን። ዶክተር፣ ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ አልጠራዎትም። በቀጭኗ ካሜራ ገብተው ከአፍንጫው ጥልቀት፣ ከወደ ኋላ፣ ቀላ ያለ ለስላሳ እብጠት አዩ። ዕድሜውን ጠየቁኝ። ነስሩ ሁልጊዜ በአንድ በኩል መሆኑን ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ መሣሪያውን አውጥተው «ይህን ማንም እንዳይቆርጠው» ብለው ሪፈሩ ላይ ጻፉ። ሰው ሐኪሙን ስላደረገለት ነገር ያመሰግናል፤ እኔ እርስዎን ከሁሉ በፊት የማመሰግንዎ ስላላደረጉት ነው።

በሽታው ጁቬናይል አንጂዮፋይብሮማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ አካል ዘሎ አይሰራጭም። ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ የማያገኘው፣ ከሞላ ጎደል ጎረምሳ ወንዶችን ብቻ የሚይዝ ዕጢ ነው። ቦታው ግን ክፉ ነው፤ ከአፍንጫ ኋላ ተነሥቶ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዓይን ጉድጓድ፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ሥር እየገፋ ያድጋል። ውስጡ ደም ሥር በደም ሥር ነው። የእነዚያ ደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ጤነኛው ጡንቻ ስለሌለው፣ ሲቆረጡ ተኮማትረው ደሙን ማቆም አይችሉም። ለናሙና ተብሎ ክሊኒክ ውስጥ ቢቆነጠር ኖሮ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

አዲስ አበባ ላይ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ተነሣ። የራጅ ክፍሉ ሐኪም ሆይ፣ ያን ሁሉ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀዎት ለአንዲት ምንም የማታውቅ እናት ምስሉን አዙረው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በጉንጩ አጥንት ውስጥ ያለው፣ ሳይነስ የሚሉት ባዶ ክፍተት፣ የኋላ ግድግዳው ወደ ፊት ጎብጦ አየሁት። ዕጢው ቀስ እያለ ሲያድግ ገፍቶት ነው፤ ሆልማንና ሚለር በተባሉ ሐኪሞች ስም የሚጠራ የታወቀ ምልክት መሆኑንም ነገሩኝ። እንዲህ ሆኖ የልጄ በሽታ አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈስ ታወቀ።

የቀዶ ሕክምና ቡድኑ በአፍንጫው በኩል ገብቶ፣ ዕጢውን የሚመግበውን የደም ሥር ዘግቶ፣ ዕጢውን አወጣልን። ፊቱ ላይ ጠባሳ የለም። ለሰመመን ባለሙያዋ፣ ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን ሳይ ላየሽኝ ነርስ፣ ከወጣ በኋላ ዕጢውን መርምሮ ስሙን ላረጋገጠልን የፓቶሎጂ ክፍል፣ እጃችሁ ይባረክ።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ተጠባባቂ ደም አይጀመርም ሲባል፣ የአጎቱ ልጆች፣ የታክሲ ተራ ልጆች፣ ስማችሁን እንኳ የማላውቀው ተማሪዎች መጥታችሁ ክንዳችሁን ዘረጋችሁ። እዳችሁን በምን እከፍላለሁ? ሐጂ፣ ዱዓዎን አልረሳም። የእድራችን እናቶች፣ ጸበሉም ስንቁም ደርሶኛል።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ አደራ! አንድ አፍንጫው ብቻ ታፍኖ በዚያው በኩል እየደጋገመ ከነሰረው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ውሰዱት። ቆርጠን እንይ ከተባላችሁም መጀመሪያ ሲቲ ስካን እንዲታይ በትሕትና ጠይቁ።

ይህ ዕጢ ተመልሶ ሊበቅል ስለሚችል ለተወሰኑ ዓመታት በኤምአርአይ ይከታተሉታል። ጸሎታችሁ አይለየን።

የልጁ እናት፣ ከነቤተሰቧ
ደሴ