የቤት ውስጥ ተንከባካቢ ሲቀጠር

ለአዘጋጁ፦

ለአረጋውያን የቤት ውስጥ ተንከባካቢ ስለ መቅጠር ያወጣችሁት ጽሑፍ በደመወዝና በታማኝነት ላይ ብቻ ማተኮሩ ጎዶሎ አድርጎታል። ታማኝነት ግድ ነው፤ ሆኖም ከአልጋ የማይነሳን ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ እያገላበጡ ካላስተኙት ዳሌውና ተረከዙ ሊቆስል እንደሚችል የማያውቅ ሠራተኛ፣ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ጉዳት ማድረሱ አይቀርም። እኛም ለእናታችን ሠራተኛ ስንቀጥር ይህን ሳንጠይቅ ቀርተን ቁስሉን ያየነው ዘግይተን፣ አንሶላ ስንቀይር ነበር፤ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የሠራተኛዋ አልነበረም። አረጋዊውም ቢሆን ገላውን የሚያጥበውን ሰው በመምረጥ ረገድ ሐሳቡ ሊጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ቤተሰብ የሥራውን ዝርዝር፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የሠራተኛውን የዕረፍት ቀን በውል አስፍሮ አጭር የሙከራ ጊዜ እንዲሰጥ፣ ዝግጅት ክፍላችሁም ለቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚረዱ ጥያቄዎችን በባለሙያ አዘጋጅቶ እንዲያወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።