የምስጋና መልእክት፦ ለሲስተራችንና አብረውን ለቆሙ ሁሉ

በሕመማችን ያለፈብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዘረዝረውም። ሲስተር፣ ስምዎን በአደባባይ እንዳንጠራ ስለለመኑን አንጠራም፤ ዝም ግን አንልም።

ሴት ለእናቷ እንኳ የማትነግረውን የብልት ቆዳ ሕመም፣ አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠን በስሙ እንድንጠራው ያደረጉን እርስዎ ነዎት። ላይከን ስክሌሮሰስ፤ ቆዳውን የሚያሳክክና የሚያነጣ ሕመም። ለምጽ አይደለም፤ ፈንገስ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

በአልትራሳውንድ ይታከማል ሲባል ሰምተን ልባችን ሲሰቀል፣ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል የሚቀባውን ጄል መዳፍዎ ላይ ጨምቀው ብርጭቆ ጫኑበትና ከሥሩ የቀረችውን የአየር አረፋ አሳዩን። የአልትራሳውንዱ የድምፅ ሞገድ አየርን አያልፍም፤ አረፋ ካገኘ ተመልሶ ላይኛውን ቆዳ ያቃጥላል። ለእርግዝና ከምናውቀው የሚለየው፣ ሞገዱን ከቆዳው ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ሰብስቦ ከ60 ዲግሪ በላይ ማሞቁ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ እጅ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከቆመ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል። በብዛት የሚሠራበት ቻይና ነው፤ ከሕክምናው በኋላም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባዮፕሲ፣ ከቆዳው ቁራጭ ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ! ከሥሩ ካንሰር አለመኖሩ ሳይጣራ ማሞቅ ጉዳቱን መሸፈን ነው። ይህን ሁሉ ተስፋችንን ሳይሰብሩ ነገሩን። ይህን ስንጽፍ እንባ እየቀደመን ነው።

ቅባቱንማ እንዴት እንርሳው! ክሎቤታሶል የተባለው ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ 0.05 በመቶ፤ ክሬሙ ሊያቃጥል ስለሚችል ቅባቱ ይሻላል። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀው ግማሽ ግራም ነው፤ የአንድ ጊዜ ልክ ነው። 4 ሳምንት ማታ ማታ፣ 4 ሳምንት አንድ ቀን እየዘለሉ፣ 4 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ። በድምሩ 50 ጊዜ፣ 25 ግራም፤ ከባለ 30 ግራሙ ቲዩብ ጥቂት ይተርፋል። ሦስት ወሩ ሳይሞላ ሌላ ቲዩብ የፈለገች አብዝታለች፤ ግማሹ የቀረላት ፈርታለች። የምትፈራውም ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ወረቀት ላይ ብልት አካባቢ እንዳይቀባ የሚል ስታነብ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ሐኪም የሚያዘው ይኸንኑ ነው። ማሳከኩ ጠፍቶ ንጣቱ ቢቀር መድኃኒቱ ከሸፈ ማለት እንዳልሆነ፣ የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ከታየ ግን ቀጠሮ እንደማይጠበቅ ሳይሰለቹ ነገሩን። በሳሙናና በሎሚ መታጠቡንም ያስተዉን እርስዎ ነዎት።

ፒያሳ ያለኸው ፋርማሲስት ወንድማችን፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስላስረዳኸን ተባረክ። ባሎቻችን፣ ክፍሏን የፈቀዱልን እማማ፣ ቡና ያፈላችሁልን ሁሉ፣ ውለታችሁ አለብን። ስማችሁ የቀረ ይቅር በሉን፤ ሆድ ብሶን ዘንግተን እንጂ ንቀን አይደለም።

ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ብርጭቆዋን አስቀምጠናታል፤ አዲስ ለምትመጣ እህት አረፋዋን እናሳይባታለን።

እህቶችዎ፣ ከአራት ኪሎ