ዝምተኛው ሠራተኛ ቃለ ጉባኤውን ይያዝ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሥራ አፈጻጸም ምዘና በደረሰ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ አስተያየት አለ፤ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ስብሰባ ላይ ግን አይናገርም»። በዚሁ ነጥብ ይቀነስበታል። ነገሩ ዝምተኛን ከዓይን አፋር ጋር ከመቀላቀል ይመጣል። ዓይን አፋሩ መናገር ይፈራል። ዝምተኛው አይፈራም፤ ሳያሰላስል አይናገርም፣ ሰው የበዛበት ውሎም ያደክመዋል። ከእሱ የቅጽበት ንግግር መጠበቅ ጉልበቱን ከሌለበት መፈለግ ነው።

ጉልበቱ ወረቀት ላይ ነው። አጀንዳውን ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድሞ ይጠይቅ። ከዚያ አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ችግሩን በሦስት መስመር፣ ሁለት አማራጮችን ከነወጪያቸው፣ በመጨረሻም የራሱን ምርጫ። ገጹ ለሰብሳቢው በዋዜማው ይድረስ፤ በር ላይ የተሰጠ ወረቀት ሳይነበብ ይታጠፋል።

ሁሉም የሚሸሸውን ቃለ ጉባኤም እጁን አውጥቶ ይውሰድ እላለሁ። አዳምጦ መለየት የእሱ ሙያ ነውና። የተነገረውን ሁሉ መገልበጥ ግን አያስፈልግም። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈል፦ የተወሰነው፣ የሚፈጽመው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን። ስብሰባው ሊበተን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱንም ጮክ ብሎ ያንብብ። ባዶ የቀረ ቦታ ካለ እዚያው ይጠይቅ፤ «ይህን ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?»። ረቂቁን በዚያው ቀን በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ይልቀቅ፣ በማግሥቱ ያስፈርም። አብዛኛው ቃለ ጉባኤ የሚበላሸው «በጉዳዩ ላይ በሰፊው ተወያይተናል» ተብሎ ስለሚዘጋና ፊርማው ሁሉም ከረሳው በኋላ ስለሚሰበሰብ ነው። አንድ አደጋ አለው፤ ጸሐፊ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሐሳብ እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህ የራሱ ነጥብ በአጀንዳው መጀመሪያ እንዲያዝለት ከሰብሳቢው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ምዘና ቅጽ ላይ ግን ይነቅዛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ ወስዶ የሳምንቱን ሥራ በመጠንና በደብዳቤ ቁጥር የሚመዘግብ ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ 26 መዝገብ ይዞ ይቀርባል። አለቃው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የቅርብ ጊዜውን ሥራ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሰብሳቢዎችም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ ሰዎች ለየብቻቸው ሆነው ያፈለቁት ሐሳብ ሲደመር አንድ ላይ ተቀምጠው ከተወያዩት በልጦ አግኝቶታል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዋናውን ምክንያት ለዩት፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን እየጠበቀ ሐሳቡ ይጠፋዋል። መድኃኒቱ ወጪ የለውም፦ ከውይይቱ በፊት አምስት ደቂቃ ሁሉም በየግሉ ይጻፍ፣ ከዚያ ንግግሩ ከጀማሪው ባለሙያ ይጀመር። ኃላፊው ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ሁሉ «ቀደም ሲል እንደተገለጸው» ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ