ስለዚያች ጣሳ ለእናቴ የጻፍኩት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትዎን እንደተሻለዎት እህቴ በስልክ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ክረምት ላይ እስከ አጥራችን ደርሶ የነበረው ሐይቅም አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ያየሁት አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም ነው። እንደሚያውቁት ለፊልም እምብዛም ነኝ፤ ልጄ በፍላሽ አምጥቶ ሲከፍተው ቡናዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ቡናውም እጄ ላይ ቀዘቀዘ። «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ይባላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የወጣ ነው። ሚሲሲፒ በሚባለው የደቡብ ግዛት፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ በማይቀርቡባት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ባለጸጋ በሌሊት ተገድሎ ይገኛል። ፖሊስም በባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ባቡር የሚጠብቅ አንድ እንግዳ ሰው፣ ጥቁር ስለሆነና በኪሱ ገንዘብ ስለተገኘበት ብቻ፣ ይዞ ይወስደዋል። ሰውየው ግን ከፊላደልፊያ የመጣ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነው። ከዚያ በኋላ ነጩ የፖሊስ አዛዥና እሱ እየተናነቁ ነገሩን አብረው ያጣራሉ። ገዳዩ እንዴት እንደተደረሰበት እውነቱን ለመናገር እስካሁን በቅጡ አልገባኝም፤ ልጄ ሁለት ጊዜ አስረድቶኝ ተስፋ ቆረጠ።

የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አዛዡ በስሙ እየቀለደ «እዚያ አገርህ ምን ብለው ነው የሚጠሩህ?» ሲለው፣ መርማሪው ቁጣውን እንደምንም ይዞ «አቶ ቲብስ ነው የሚሉኝ» ብሎ ይመልሳል። እንግሊዝኛ እንደ እኛ ቋንቋ አንተና እርስዎ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ የክብሩ ነገር ሁሉ በዚያች በአንዲት «አቶ» ላይ ወደቀ። ሆኖም ፊልሙ አንድ ነገር አጎደለብኝ። አቶ ቲብስ እንዲከበር ከከተማው ሰው ሁሉ የበለጠ አዋቂ መሆን ነበረበት፤ ከተማውም ሊፈልገው ግድ ነበር። ዓሣ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮስ ማን አቶ ይለው ነበር? ለነገሩ ከፊልሙ ውጭ ያለው ዓለምም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። መርማሪውን ሆኖ የሠራው ሲድኒ ፖይቲየር ለደኅንነቱ ስለሠጋ፣ አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው በሚሲሲፒ ሳይሆን በሰሜን፣ በኢሊኖይ ነው። ፊልሙ አምስት ኦስካር ሲያገኝ የምርጥ ተዋናይነቱ ሽልማት አዛዡን ሆኖ ለሠራው ለሮድ ስታይገር ተሰጠ፤ ፖይቲየር ለዕጩነት እንኳ አልቀረበም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአበባው ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ባለ ጥጥ እርሻ ሁለቱን ፖሊሶች በጨዋ አንደበት ተቀብሎ አበቦቹን ያስጎበኛቸዋል፤ አበባውም እንደ ጥቁሮች ሁሉ መመገብና እንክብካቤ እንደሚያሻው ይናገራል። ሊጠይቁት መምጣታቸውን ሲረዳ መርማሪውን በጥፊ ይመታዋል፣ መርማሪውም ወዲያው መልሶ ይመታዋል። ልጄ በዚህ አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔ የሎሚ ጭማቂ በትሪ ይዞ ቆሞ ሁሉን ከሚያየው ጥቁር አሽከር ላይ ቀረ።

እማዬ፣ በአጥራችን ምስማር ላይ ትንጠለጠል የነበረችው፣ እጀታዋ የተሰበረ ጣሳ ትዝ ትልዎታለች? በደንገል ታንኳ ቀረሶ ዓሣ ይዞ ይመጣ የነበረው ሽማግሌ ውኃ የሚጠጣባት ነበረች። ይኸው አሁንም እጄ «ይመጣ የነበረው» ብሎ ጻፈ፤ ከአባባ የሚበልጡ ሰው ነበሩና «ይመጡ የነበሩት» ማለት ይገባኝ ነበር። እርስዎ ሳያበሉ ሰድደዋቸው አያውቁም፤ እንጀራውም ከእኛው እንጀራ አያንስም ነበር፤ ነገር ግን ከደጅ ነበር። እኛ ልጆቹም፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጅ ወገኖቻቸው በሚጠሩበት ስም፣ «ወይጦው መጣ» እያልን እንጮህ ነበር። አያቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ የተጀመረው መጸየፍ እስከ እኛ ደጅ ደርሶ ነበርና፣ እኔ አንድ ቀን ጠምቶኝ በዚያች ጣሳ ብጠጣ፣ እርስዎ አፌን በሳሙና እስኪያቃጥለኝ አጠቡት። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ምንም አላሉም፤ ዓሣውን ቆጥረው አስረክበው ሄዱ።

ይህን የማነሳው እርስዎን ለመውቀስ አለመሆኑን ያውቁልኛል። እርስዎም እንዲሁ ሲደረግ አይተው ነው ያደጉት፤ እኔም ካደግኩ በኋላ ያቺን ጣሳ አንድ ቀን ከምስማሩ አላወረድኳትም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ስለ እሳቸው ጠየቅሁ። ወይጦ እንላቸው የነበሩት ዛሬ «ነገደ» ተብለው መጠራትን ይመርጣሉ። በትሕትና ተቀብለውኝ «የእኛ ሰው ከሆኑስ እናውቃቸዋለን፤ ስማቸው ማን ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ደጃችን ሲመላለሱ ስማቸው በቤታችን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ምናልባት የሚያስታውሱ ከሆነ፣ እሑድ ስደውልልዎ ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ